ሌባው ሁሌ ያመልጠናል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አክስቴ ከለንደን ስትመጣ ስኮትላንድ ያርድ የሚባለውን፣ የለንደን ካርታ ላይ ሌባ የሚታደንበትን የቦርድ ጌም አምጥታልን ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ ሰብሰብ ብለን እንጫወታለን። ሚስተር ኤክስ የሚባለውን ሌባ የሚሆነው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እኛ አራት ሆነን እናሳድደዋለን ግን አንድም ቀን ይዘነው አናውቅም፣ እንደውም መጨረሻ ላይ ለመንቀሳቀስ የምንከፍለው ትኬት አልቆብን ቆመን ነው የምንቀረው። ያጭበረብራል ወይስ እኛ ነን የማንችለው?

መልስ፦ እህቴ እኔም መጀመሪያ ወንድምሽን ጠርጥሬው ነበር፣ ትኬት አልቆብን ስትዪ ግን ገባኝ። ሰውየው የት እንዳለ አይታይም እንጂ በምን እንደሄደ ይታያል፣ ታክሲ፣ ባስ ወይ አንደርግራውንድ (የመሬት ውስጥ ባቡር)፣ ራሱን የሚያሳየው ደግሞ በ3ኛው፣ በ8ኛው፣ በ13ኛው እና በ18ኛው ዙር ነው። ልጅ ሆነን ኩኩሉ ስንጫወት "አልነጋም" የሚለው ድምፅ ወደመጣበት ስንሮጥ ልጁ ቦታ ቀይሮ የለም አይደል፣ እናንተም የምትሰሩት እንደዛ ይመስለኛል፣ በ3ኛው ሲታይ አራታችሁም ወደዛው ትግተለተላላችሁ።

እኔ ምን አደርጋለሁ መሰለሽ፣ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። ከታየበት በኋላ ታክሲ ከያዘ በታክሲ የሚደረስባቸውን የፌርማታ ቁጥሮች በሙሉ እፅፋለሁ፣ ቀጥሎ ባስ ካወጣ ባስ የማያቆምባቸውን እሰርዛለሁ፣ ካርታው ላይ ካሉት 199 ቁጥሮች አብዛኞቹ ታክሲ ብቻ ስለሆኑ ወረቀቱ ወዲያው ነው የሚቀለው። በምን እንደሄደ የሚደብቅለትን ጥቁር ትኬት ካወጣ ግን ተጠንቀቁ፣ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ከነበረ በጀልባ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ትኬቱስ? አንደርግራውንድ ለእያንዳንዳችሁ 4 ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ዝም ብላችሁ አትጨርሱት፣ ይልቅ እሱ ሊታይ ሲል አንደርግራውንድ ያለበት ቁጥር ላይ ተበታትናችሁ ጠብቁት። ደሞ እኮ የተጠቀማችሁበት ትኬት ሁሉ ለሱ ነው የሚሰጠው፣ እናንተ በከፈላችሁት ነው ሰውየው ለንደንን የሚዞረው!

ማጭበርበሩን ማወቅ ቀላል ነው፣ የሄደበትን ቁጥር በየዙሩ ፅፎ ትኬት ይከድንበት የለ፣ ሲያልቅ ትኬቶቹን አንስታችሁ አንድ በአንድ ተከታተሉት። እና አይኑን እዩት፣ ሰው ያለበትን ቦታ ሳያይ መጫወት አይችልም፣ አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ለሚስተር ኤክስ ኮፍያ የሚጨመረው ለዚህ ነው። የእናንተም ውስጥ ካለ ሳያየው ደብቁት።