መኪና በክሬዲት ካርድ ገዝቶ ፖይንት መሰብሰብ፦ ፈረንጅ አራዳ ላይ የጠየቃችሁኝ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ መኪና መሸጫ ሒሳብ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ «ልጄ መኪናውን በካርድ ገዝቶ በፖይንቱ በነፃ ሊመጣ ነው፣ እውነት ነው?» እያለ ያስቆመኛል። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ተሰብስባችሁ ያለኝን ሁሉ አስተፋችሁኝ። ክሬዲት ካርድ ማለት ባንኩ የሚያበድርህ፣ ኋላ የምትከፍለው ካርድ ነው፤ ፖይንት ደግሞ በካርዱ ስትከፍል የሚሰጥህ፣ በገንዘብ ወይም በአውሮፕላን ትኬት የሚመነዘር የሽልማት ነጥብ። የተባባልነው ይኸው።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከኮቼ)፦ ልጄ አትላንታ ነው። የ30 ሺህ ዶላር መኪና በክሬዲት ካርድ ልግዛ ይላል። ይሸጡለታል?

መልስ፦ አባባ፣ ሕግ አይከለክለውም፤ እንቢ የሚለው ሻጩ ነው። ብዙው ዲለር በካርድ የሚቀበለው 3 ወይም 5 ሺህ ዶላር ድረስ ነው፤ የቀረውን በባንክ ቼክ ወይም በብድር አምጣ ይላል። ካርድ ጭራሽ የማይነካም አለ። በካርድ ሲከፈለው ከየ100 ዶላሩ 2 ወይም 3 ዶላር ገደማ ይቆረጥበታላ! በ30 ሺህ ላይ 2.5 በመቶ 750 ዶላር ነው። አዲስ መኪና ላይ የሚተርፈው ደግሞ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። እኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲመጣ አለቃችን ምሳውን አይበላም ነበር።

ጥያቄ (እኚሁ አባት)፦ ታዲያ ፖይንቱን ማን ነው የሚሰጠው?

መልስ፦ ከዚያችው ከተቆረጠችው ነው የሚመጣው። ትልቁን ድርሻ ካርዱን ያወጣው ባንክ ይወስዳል፤ ከዚያ ቆንጥሮ ለልጅዎ ይመልሳል። ባንኩ ደግ ሆኖ የሚያጎርሰው ከሻጩ መሶብ ነው። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ጥያቄ (የባጃጅ ሾፌር፣ አጂፕ)፦ ጋሼ፣ ወሬውን ተውና በቁጥር ንገረን። ያዋጣል አያዋጣም?

መልስ፦ እሺ። 5 ሺህ ዶላር በካርድ ከፈልክ እንበል። ካርድህ 2 በመቶ ይመልሳል፤ 100 ዶላር አገኘህ። ሻጩ «በካርድ ከሆነ 3 በመቶ ጨምር» ካለህ 150 ከፈልክ፤ 50 ከሰርክ። ጭማሪ ባይጠይቅህም ዕዳውን በወሩ ካልዘጋህ ወለድ ይመጣል። ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ የሚበልጥ ካርድ ሞልቷል። 22 በመቶ ብንይዝ በ5 ሺህ ላይ የአንድ ወሩ ብቻ ከ90 ዶላር ያልፋል። የመቶ ዶላርህን ሽልማት የአንድ ወር ወለድ ሊጨርሳት ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ጥሬ ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ፣ ካርዱን ለማለፊያ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ነው።

አንድ ቦታ ግን አለ። አዲስ ካርድ ሲወጣ «በ3 ወር ውስጥ 4 ሺህ ዶላር ከተጠቀምክ 60 ሺህ ፖይንት» የሚል ዓይነት የመቀበያ ስጦታ ይሰጣሉ። አንዱ ፖይንት በአንድ ሳንቲም ቢመነዘር 600 ዶላር ነው። የመኪና ቅድመ ክፍያ ያንን 4 ሺህ በአንድ ፊርማ ይሞላል። ልፋቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው የቡና ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ካርድ እንዳለኝ ለሻጩ መቼ ልንገረው?

መልስ፦ ዋጋው ተቆርጦ፣ ታክሱም ምኑም ገብቶ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ። ሂርማታ ገበያ ኪሱን ከፍቶ እያሳየ በግ የሚከራከር ማን አለ? ቀድመህ ከተናገርክ የካርዱን ወጪ ዋጋው ውስጥ ይቀብርልሃል፤ አንተም በፖይንትህ ደስ ብሎህ ትወጣለህ። እኛም እንዲህ እናደርግ ነበር፣ አልዋሽም።

ጥያቄ፦ ካርድ አልቀበልም ካለ ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥቼ ብከፍለውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ለማውጫው ይቆርጡሃል፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ፖይንትም የለውም።

ጥያቄ (መምህርት፣ ከዩኒቨርሲቲው)፦ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ልሄድ ነው። እንደደረስኩ ላደርገው እችላለሁ?

መልስ፦ አትችይም፣ እህቴ፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። የብድር ታሪክ ስለማይኖርሽ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡሽ መያዣ አስይዘሽ የምታወጪውን ካርድ ነው፤ 300 ዶላር ካስያዝሽ ጣሪያሽ 300 ነው። በዚያ ጎማም አትገዢበትም። ለጥቂት ወራት ትንሽ ትንሽ እየተጠቀምሽ በቀኑ ክፈይ። ኋላ መኪናውን በብድር የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ የብድሩ ውል ሳይፈረም አዲስ ካርድ አታውጪ፣ ያለሽንም እስከ ጣሪያው አትሙዪ፤ ሁለቱም ክሬዲት ስኮርሽን፣ ማለትም አበዳሪ የሚመዝንሽን ነጥብ፣ ያወርዱብሻል፣ ስኮር ሲወርድ የብድሩ ወለድ ይወጣል። ለፖይንት ብለው አምስት ዓመት ሙሉ ተጨማሪ ወለድ ሲከፍሉ ያየኋቸው ሐበሾች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ ከሂርማታ)፦ እኔ ወለድ አልነካም። ይህ ነገር ይመለከተኛል?

መልስ፦ በቀኑ ሙሉውን የከፈለ ወለድ አይከፍልም። ውሉ ላይ ግን «ካዘገየህ ወለድ» የሚል ተጽፎ ትፈርምበታለህ። እሱ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ሸኾቹን ጠይቅ፤ የእኔ እውቀት እዚያ ያበቃል። እዚህ አገር መኪና ለመግዛት ከሆነ ከወለድ ነፃ የሆኑት ባንኮች ሙራባሃ የሚሉት አለ፤ ባንኩ ይገዛና ትርፉን ነግሮህ ይሸጥልሃል።

ጥያቄ፦ እዚህ ጅማ በኤቲኤም ካርዴ መኪና ብገዛ ፖይንት አለው?

መልስ፦ የለውም። የያዝከው ካርድ የራስህን ገንዘብ የሚያወጣ እንጂ የሚያበድርህ አይደለም። ለክሬዲት ካርድ የሚቀርበው የቴሌብር «እንደኪሴ» ነው፤ ሒሳብህ ሲጎድል ይሞላልሃል፤ ግን መኪና የሚገዛ ገንዘብ አይደለም። እዚህ መኪና የሚገዛው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ነው። ሲፒኦ ከተሰጠህ ያወጣው ባንክ ያረጋግጥልህ። ሻጭ ከሆንክ ገዢው የሚያሳይህን የስልክ መልእክት አትመን፤ የራስህን ሒሳብ ከፍተህ እይ። ገዢ ከሆንክ ሊብሬውን አይተህ፣ ዕዳና እገዳ አጣርተህ፣ ውልና ማስረጃ ከፈረምክ በኋላ ክፈል። ደላላው ቢቸኩል ይቸኩል።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ በካርዷ ያሪስ ገዝታ ልትልክልኝ ነበር።

መልስ፦ እናቴ፣ ከ2016 ጥር ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ ካልሆነ አትድከም በሏት።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ ሞክረኸው ታውቃለህ?

መልስ፦ አንዴ። ለኮሮላ ቅድመ ክፍያ 3 ሺህ ዶላር ዩናይትድ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተያያዘ አዲስ ካርድ ከፈልኩ፤ በወሩም ዘጋሁት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ዩናይትድ ሁሉ ስታር አልያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ በዩናይትድ ማይል (ፖይንቱን እነሱ እንዲህ ነው የሚሉት) ከዋሽንግተን ቦሌ መጣሁ። ከቦሌ ጅማ ግን በአውቶቡስ፣ በኪሴ።