ከፈረሰ ቤት የወጣ ዕቃ ለአዲስ ሥራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከፈረሱ ወይም ከታደሱ ቤቶች የወጡ የግንባታ ዕቃዎችን መልሶ ስለመጠቀም የሚጠይቁ ናቸው። ለሁሉም መልስ ስሰጥ የምመራበት ሐሳብ አንድ ነው፦ አሮጌ ዕቃ ቀድሞ ይሠራው ከነበረው ሥራ ጋር ወደሚመጣጠን ወይም ከዚያ ወደቀለለ ሥራ ሲዛወር ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ሳይመረመር ወደ ከበደ ሥራ ሲዛወር ግን በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶችም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የቆየ የቤተሰብ ቤት ሲፈርስ ብዙ የጣሪያ ወራጅና የወለል ጣውላ ተርፎልናል። እንጨቱ ጠቁሯል፤ ምስማርም ሞልቶበታል፤ ሆኖም ውስጡ ጠንካራ ይመስላል። ከጣውላው ጠረጴዛና መደርደሪያ መሥራት፣ ወራጁን ደግሞ ለአዲስ ክፍል ጣሪያ መልሶ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ለጠረጴዛውና ለመደርደሪያው መልሴ አዎን ነው፤ ለጣሪያው ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። በጣሪያ ሥር ለብዙ ዓመታት የኖረ እንጨት እርጥበቱን ጨርሷል፤ አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ በመድረቅ ላይ ሳለ የሚያሳየውን መጣመምና መሰንጠቅም እርሱ ከረጅም ጊዜ በፊት አሳይቶ አብቅቷል። በምስማሩ ዙሪያ የሚያዩት ጥቁረት ብዙ ጊዜ መበስበስ አይደለም፤ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ከሚገኘው ታኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ቀለም ነው። ስለዚህ መልኩን አይተው አይጣሉት፤ አስቀድመው ይመርምሩት።

ለምርመራው ሹል ወስፌ ይበቃል። ወስፌውን በእንጨቱ ርዝመት ሁሉ፣ በተለይም ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በነበረው ጫፍና ጣሪያው ያፈስስ በነበረበት ቦታ ላይ ይጫኑት፤ መበስበስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እርጥበት ከሚቆይባቸው ከነዚህ ቦታዎች ነውና። ወስፌው ያለ ኃይል ጠልቆ ከገባ ወይም እንጨቱ ቃጫ ሳያወጣ ቁርጥ ብሎ ከተሰበረ ያ ክፍል ተቆርጦ መውጣት ይኖርበታል። የነቀዝ ቀዳዳ ማየት ብቻውን ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ ነፍሳቱ ከብዙ ዓመት በፊት ወጥተው ሄደው ሊሆን ይችላል። እንጨቱን በጥቁር ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ መታ መታ ያድርጉትና ለጥቂት ሳምንታት ይከታተሉት፤ አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት መውረዱን ከቀጠለ ውስጡ ሕይወት አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን እንጨት ሳይታከም ወደ ቤት ማስገባት ጤነኛውን የቤት ዕቃ ለጥፋት መዳረግ ነው። የእንጨት ማድረቂያ ምድጃ ያለው ድርጅት በአቅራቢያዎ ካለ በሙቀት ሊያክምልዎ ይችላል፤ በዓለም አቀፍ ንግድ ለማሸጊያ እንጨት የሚጠየቀው ሕክምና እንጨቱ እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምስማር መንቀል ነው፤ ይህ ሥራ ትዕግሥትን ስለሚጠይቅ ብዙዎች ይቸኩሉበታል፤ በኋላ የሚቆጩትም በዚሁ ነው። ምስማሩን በሾለው ጫፍ በኩል መትተው ራሱ ብቅ እንዲል ካደረጉ በኋላ፣ ከመንቀያው ሥር ቁራጭ እንጨት ደግፈው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ድጋፍ ከሌለ መንቀያው የጣውላውን ፊት ይጎዳል። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ምስማር በዓይን ስለማይታይ በጠንካራ ማግኔት ወይም በብረት ጠቋሚ መሣሪያ ሁለቱንም ፊት ይፈትሹ። አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያ ማሽንን ስለት ከማበላሸቱም በላይ ስብርባሪው ተወርውሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ማሽን አያስነሱ። ጣውላው ከተላገ ወይም ከተሰነጠቀ በኋላ ውስጡ ታምቆ የነበረው ውጥረት ስለሚላቀቅ ጥቂት ሊጣመም ይችላል፤ በመሆኑም በየንብርብሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ደርድረው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካቆዩት በኋላ ወደ መገጣጠም ይለፉ።

ወደ ወራጁ እንመለስ። አግዳሚ እንጨት ጭነት ሲያርፍበት የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ፊቱ ይለጠጣል፤ ስለሆነም በእንጨቱ መሃል፣ በታችኛው ፊት ላይ የሚገኝ ቀድሞ ተቆርጦ የጎደጎደ ቦታ፣ የብሎን ቀዳዳ ወይም ትልቅ ጉጥ ጥንካሬውን ከሚገመተው በላይ ይቀንሰዋል። እንዲህ ያለ ጉድለት የሌለበትን ወራጅ ለይተው የግንባታ ባለሙያ አይቶ ርዝመቱንና ውፍረቱን ከአዲሱ ጣሪያ ጭነት ጋር ካመዛዘነ በኋላ መጠቀም ይቻላል። ባለሙያ ካላየው ግን ለመደርደሪያ፣ ለአግዳሚ ወንበር ወይም ለደረጃ መደገፊያ ያውሉት እንጂ ሰው ከሚተኛበት በላይ አይስቀሉት።

ጥያቄ፦ ከፈረሰ ግድግዳ ያገኘነውን ጡብ ለአትክልት ቦታ መተላለፊያና ለአጭር አጥር ልናውለው አስበናል። በጡቡ ላይ የቀረውን ማያያዣ በአሲድ እንድናጸዳ የመከሩን ሰዎች አሉ። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ አሲዱን ይተዉት። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራን ማሟሟቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጡቡ ስለሚመጠው በኋላ ጨውና ዝንጉርጉር ቀለም ሆኖ ይወጣል፤ ትነቱም ለሳንባ አደገኛ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ማያያዣው ከምን እንደተሠራ ነው። በምስማር ሲጫር በቀላሉ የሚፈረፈር ከሆነ ኖራ ነው ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው በመዶሻና በሰፊ መሮ ቀስ ብሎ ሲመታ ጡቡን ሳይጎዳ ይለቃል። ከፍተኛ ሲሚንቶ ያለው ማያያዣ ግን ብዙ ጊዜ ከጡቡ ይልቅ ይጠነክራል፤ ሲመቱት የሚሰበረው ጡቡ ነው። እንዲህ የተጣበቀውን ለማላቀቅ ጊዜዎን አያባክኑ፤ ሰባብረው ለመሙያ ይጠቀሙበት።

ከማጽዳት የሚበልጠው ሥራ መለየት ነው። በድሮ ግንባታ በደንብ የተተኮሰው ጡብ ዝናብና ፀሐይ ወደሚያገኘው ወደ ውጭው ፊት፣ ያልበሰለውና ለስላሳው ደግሞ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ግድግዳው ሲፈርስ ግን ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሁለት ጡብ እርስ በርስ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ጠንካሮች ናቸው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ፣ ወይም ጡቡ በጥፍር ሲጫር ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ለስላሳ ነው። ለመተላለፊያ መንገድ ጠንካራውን ብቻ ይምረጡ፤ ምክንያቱም በመሬት ላይ የተነጠፈ ጡብ ከታች እርጥበት ይስባል፣ ከላይም ይረገጣል፤ ለስላሳው ጡብ ይህን ችሎ ብዙ አይቆይም። ለስላሳውን ከዝናብ ተጠብቆ በሚለሰን የውስጥ ግድግዳ ላይ ይጠቀሙበት። ከጭስ ማውጫ የወጣ ጡብ ካለ ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ፤ የመጠጠው ጥላሸትና ጨው በልስን ውስጥ እየሰረገ ቡናማ እድፍ ስለሚያወጣ ከተለሰነ ግድግዳ መራቅ ይኖርበታል።

ለአጭሩ አጥር የሚያዘጋጁት ማያያዣ ከጡቡ የለሰለሰ ይሁን። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራና ስድስት እጅ አሸዋ የተለመደ መጠን ነው፤ ጡቡ ደከም ያለ ከሆነ ወደ አንድ፣ ሁለትና ዘጠኝ መውረድ ይሻላል። ግድግዳ በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት ሁልጊዜ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ማያያዣው ለስላሳ ሲሆን ስንጥቁም የሚተነው እርጥበትም በመጋጠሚያው በኩል ያልፋል፤ መጋጠሚያን መጠገን ደግሞ ጡብ ከመቀየር እጅግ ይቀልላል። ደረቅ አሮጌ ጡብ የማያያዣውን ውሃ ፈጥኖ ስለሚመጥ ከመደርደሩ በፊት እርጥበት ይሰጠው፤ ውሃ እስኪያንጠባጥብ ግን አይዘፈቅ። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ብለው ለሚጠይቁ፣ ጡብ የሚተኮሰው ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት መሆኑን ማስታወስ እወዳለሁ፤ ለዚያ የወጣው ማገዶ ሁሉ ዛሬም በእጅዎ ባለው ጡብ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ከፈረሰ ሶሌታ የወጣ ፌሮና ብዙ የኮንክሪት ስብርባሪ አለን። ፌሮውን አቃንተን ለአዲስ ምሰሶ ብንጠቀምበትስ?

መልስ፦ ለምሰሶም ሆነ ለአግዳሚ ተሸካሚ አይጠቀሙበት። አንድ ጊዜ ታጥፎ ከዚያም ሳይሞቅ የተቃና ብረት በታጠፈበት ቦታ ይደርቃል፤ የመለጠጥ አቅሙን ስለሚያጣም ሳያስጠነቅቅ ሊሰበር ይችላል። በዚያ ላይ ደረጃው አይታወቅም፤ ዝገቱም ውፍረቱን ምን ያህል እንደቀነሰው በዓይን መገመት አስቸጋሪ ነው። ሐረግ ለሚወጣበት ድጋፍ፣ ለአትክልት ችካል፣ ለቀላል አጥር ግን እጅግ የሚጠቅም ዕቃ ነው።

የኮንክሪት ስብርባሪው ከመሬት ላይ ንጣፍ ሥር ለሚገባ ሙሌት ይሆናል። ከውስጡ እንጨት፣ አፈርና በተለይም የጂፕሰም ልስን በጥንቃቄ ይለቀም፤ ጂፕሰም ውሃ ሲያገኝ ከሲሚንቶ ጋር ተዋህዶ የሚያብጥ ውህድ ስለሚፈጥር ከጊዜ በኋላ ወለሉን ሊያነሳውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ስብርባሪውን አድቅቀው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ንብርብር እየደለደሉ በየደረጃው ይጠቅጥቁት።

ጥያቄ፦ ግራጫ ቀለም ያለው፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ የጣሪያ ክዳን ከአሮጌ መጋዘን ላይ አውርደናል። ቆርጠን ለዶሮ ቤት ልናደርገው እንችላለን? ቀለም የተቀቡ አሮጌ በሮችንም በማሽን ፍቀን ልናድስ ነው።

መልስ፦ ክዳኑን አይቁረጡት፤ አይብሱት፤ አይስበሩትም። እንዲህ ያሉ አሮጌ ክዳኖች አስቤስቶስ የተቀላቀለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሲቆረጡ የሚበንነው ደቃቅ ቃጫ ወደ ሳንባ ከገባ ካንሰርን ጨምሮ የሚያስከትለው ሕመም የሚገለጠው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት በአጠቃላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 አጠቃቀሙን የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በዓይን መለየት ስለማይቻል በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ አለበት ብለው ይቁጠሩት፤ ሳይሰበር ሰው ከማይደርስበት ቦታ በፕላስቲክ ሸፍነው ያስቀምጡት፤ ማንሳቱንም ለሠለጠነ ሰው ይተዉ። መልሶ መጠቀምን አጥብቄ የምደግፍ ብሆንም ይህ ዕቃ ፈጽሞ ከዚያ ውጭ ነው።

የበሮቹ ቀለም የቆየ ከሆነ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀትም ሆነ በማሽን አይፋቁት፤ በእሳትም አይለብልቡት። በውሃ እያረጠቡ በእጅ መፋቂያ ይፋቁት፤ ፍርፋሪውን በተነጠፈ ፕላስቲክ ላይ ሰብስበው ያስወግዱ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በአካባቢው አይገኙ፤ የእርሳስ ብናኝ የልጆችን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳልና።

ጥያቄ፦ አዲስ ክፍል ልንሠራ ነው። አሮጌ በርና መስኮት መግዛት የሚሻለው ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በፊት ነው። ክፍተቱ ከተሠራ በኋላ ለልኩ የሚስማማ አሮጌ በር መፈለግ ሰውን ያደክማል፤ በሩ በእጅ ካለ ግን ግንበኛው ክፍተቱን በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ አስፍቶ ይተውለታል። ከተቻለ በሩን ከነመቃኑና ከነማጠፊያው ይውሰዱ። ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ በሩ ማዕዘኑን ስቷል። ከሙሉ እንጨት የተሠራ በር ዳር ዳሩ ሊላግ ይችላል፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ግን ጥቂት ከተቆረጠ ይፈታል። ለመስኮት ሲሆን በሙቀት የጠነከረ መስታወት ጨርሶ እንደማይቆረጥ ይወቁ፤ መቁረጫው እንደነካው ሁሉም ይበታተናል፤ ስለዚህ ክፈፉን ለመስታወቱ ያዘጋጁለት። ወደ ወለል በተጠጋ መስኮት ላይ ደግሞ ቀጭን አሮጌ መስታወት አይግባ፤ ልጅ ተደናቅፎ ቢወድቅበት ስለታም ስብርባሪ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውሃ ቧንቧና የቧንቧ መክፈቻስ?

መልስ፦ ገመዱን መልሰው አይዘርጉት፤ ሽፋኑ በዕድሜ ደርቆ በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ መዳቡን ለሚያቀልጡ ሰዎች ይስጡ። የዚንክ ቅብ የብረት ቧንቧ ከውስጥ በዝገት ስለሚጠብ ለውሃ መስመር አይሆንም፤ ጤነኛው ክፍል ለእጅ መደገፊያና ለመደርደሪያ እግር ይውላል። ከነሐስ የተሠራ መክፈቻ ውስጡ ያለው ጎማ ከተቀየረ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ነገር ግን የቀድሞ ነሐስ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለመጠጥ ውሃ ሳይሆን ለአትክልት ማጠጫ ያድርጉት።