ማርከሩን አስቀምጡና ደብተሩን ዝጉ፦ ለተማሪዎች የተጻፈ ምክር

ልጆቼ፣

አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጠረጴዛዎቹን ለቃኘ ሰው የሚታየው ተመሳሳይ ነው፦ ቢጫና ሮዝ ማርከር የተቀባ ሀንዳውት፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሚነበብ ሾርት ኖት፣ ጎኑ ላይ ቴሌግራም የተከፈተ ስልክ። ትጋታችሁ አያጠራጥርም። የምጽፍላችሁም ትጋቱ ከንቱ እንዳይቀር ነው። አእምሯችን የለመደውን ገጽ የሚያውቀው ይመስለዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነቡት ምንም አያደናቅፋችሁም፤ ያን ጊዜ «ገብቶኛል» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ፈተና ላይ ግን ገጹ የለም።

ስለዚህ አዲስ ዘዴ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጠይቁት፦ በዚህ መንገድ ያጠና ተማሪ ከሳምንት በኋላ፣ ደብተሩ ተዘግቶ፣ ምን ያህል መጻፍ ይችላል?

በዚህ ሚዛን ከወደቁት ልጀምር። በከተማችን በሚሰጡ ስልጠናዎች ወጣቱ አጭር መጠይቅ ይሞላና «አንተ በማየት የምትማር ነህ፣ አንቺ ደግሞ በመስማት» ተብሎ ይወጣል። ሰው የየራሱ ምርጫ እንዳለው እውነት ነው። ምርጫውን ተከትሎ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል ለማለት ግን ሁለቱንም ዓይነት ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በሥዕል ግማሹን በድምፅ አስተምሮ፣ ሁሉንም በአንድ ፈተና መፈተን ያስፈልጋል። «በማየት» የተባሉት በሥዕል፣ «በመስማት» የተባሉት በድምፅ ሲማሩ ካልበለጡ ሐሳቡ አልተረጋገጠም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በ2008 ጥናቶቹን ሲመረምሩ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በዚህ መንገድ የተሠሩት እጅግ ጥቂት ሆነው አገኟቸው፤ ከነዚያም ሐሳቡን የሚቃረኑ ነበሩባቸው። ጉዳቱ የስልጠናው ክፍያ ብቻ አይደለም። «እኔ በማንበብ አይገባኝም» ብሎ ያመነ ልጅ መጽሐፉን ይተወዋል፤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ነው፤ የልብን ክፍሎች ሥዕል ሳያይ፣ የእንግሊዝኛ ድምፆችን ሳይሰማ ማንም በደንብ አይማራቸውም።

«ያነበብነውን 10 በመቶ፣ ያስተማርነውን 90 በመቶ እናስታውሳለን» የሚለው ፒራሚድም አሁንም በየአዳራሹ ይታያል። ከቁጥሮቹ ጀርባ ጥናት የለም። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኤድጋር ዴል በ1946 ባወጣው ሥዕል ላይ አንድም መቶኛ አልነበረም።

አሁን ወደሚሠራው እንምጣ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ጽሑፉን ትተው ያስታወሱትን በወረቀት ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42፣ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ሌሊቱን ሲቸክል ያደረ ልጅ ጠዋት የሚቀናው፣ በሳምንቱ ግን ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከወራት በፊት የተማራችሁትን ይጠይቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ንዑስ ርዕስ፣ ከ3 እስከ 5 ገጽ፣ ማርከር ሳትነኩ አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉ። ባዶ ወረቀት ወስዳችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ፦ ትርጉሙን፣ ቀመሩን፣ በቀመሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ፊደል ምንን እንደሚወክልና በምን እንደሚለካ፣ ሥዕል ካለው ሥዕሉን። ሲጠፋባችሁ ወዲያው አትክፈቱ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሉት። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። በቀይ የሞላችሁትን ብቻ ወደ ጥያቄ ቀይራችሁ በደብተሩ ጀርባ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ጥናታችሁ ከዚያ ይጀምራል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቋርጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ይቀርና ተማሪው ደንግጦ ወደ ማንበብ ይመለሳል። ያ ባዶ ቦታ ግን ቀድሞም ነበረ፤ ማርከሩ ሸፍኖት ነው። ሌላው ስህተት ጽፎ አለማረም ነው፤ ያልታረመ ስህተት እየተደጋገመ ይጸናል። በቴሌግራም የሚዞሩ የቆዩ ፈተናዎች መልስ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አመሳክሩ። የምርጫ ጥያቄ ስትሠሩ አማራጮቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መጀመሪያ መልሱን ከራሳችሁ አውጡ፤ አለዚያ የምትለማመዱት መልስ ማስታወስን ሳይሆን መገመትን ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከከበዳችሁ ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ለጓደኛ አስረዱ፤ ሲገባችሁ ግን መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ፈተናው የሚመጣው በዚያ ቋንቋ ነው።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን መጽሐፍ ሳይገልጥ የኔታ ፊት ያሰማል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሽምደዳውን ይዞ ይህን እርማት ጣለው።

ቀጥሎ ጊዜውን ማራራቅ ነው። በአንድ ቀን 4 ሰዓት ከማጥናት ያንኑ 4 ሰዓት በአራት ቀን ከፍሎ ማጥናት የበለጠ ይጸናል። ክፍተቱ ምን ያህል ይሁን ለሚለው፣ ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 ያወጡት ጥናት ፈተናው በራቀ ቁጥር ክፍተቱም መስፋት እንዳለበት ያሳያል፦ ፈተናው በሳምንት ከሆነ አንድ ሁለት ቀን፣ በዓመት ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ያህል። ሁለት ወር ለቀረው ተማሪ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ መመለስ ጥሩ መነሻ ነው። ስትመለሱ ግማሹ የተረሳ ይመስላችኋል። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፤ ታግሎ ማስታወስ ትምህርቱን ያጸናል።

ለሒሳብና ለፊዚክስ አንድ ተጨማሪ አለ። የወርክሺቱ 20 ጥያቄ ሁሉ ከአንድ ምዕራፍ ሲሆን ተማሪው የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ሳያስብ ይሠራል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 ባወጡት ሙከራ የጥያቄ ዓይነቶችን ለየብቻ የሠሩት በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ ሲያገኙ ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን ለየብቻ የሠሩት ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ ቀላቅለው የሠሩት 63 በመቶ ያዙ። የኒውተንን ሕጎች፣ ሥራና ኃይልን፣ የተወርዋሪ አካልን እንቅስቃሴ አንዳንድ ጥያቄ እያፈራረቃችሁ ሥሩ። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱን ከተረዳችሁ በኋላ ነው። ለጀማሪ የሚበጀው ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ እርምጃ በእርምጃ መከተል ነው። «ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያግኘው» የሚለው አሁን የተወደደ አካሄድ መሠረት ያለውን ሊጠቅም ይችላል፤ መሠረት የሌለውን ያባክነዋል።

ስልካችሁ ላይ ስላለው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስም ልንገራችሁ። በቱርክ አንድ ሺህ በሚያህሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተደረገ የሒሳብ ጥናት፣ ቻትጂፒቲን የሚመስል ረዳት የተሰጣቸው በልምምዱ 48 በመቶ የተሻለ ውጤት አመጡ። ረዳቱ ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ምንም ካልተሰጣቸው ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሱ። ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተሠራው ሌላ ረዳት ግን ይህን ጉዳት በአብዛኛው አስቀርቷል። እናንተም «መልሱን አትንገረኝ፤ ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ጠቁመኝ» በሉት። እንዲህ የምትጠይቁትም ራሳችሁ በወረቀት ሞክራችሁ ከተሳናችሁ በኋላ ይሁን።

ሁሉም ዘዴ ወይ ፍጹም እውነት ወይ ፍጹም ሐሰት አይደለም። «ችሎታ ያድጋል» የሚለውን አስተሳሰብ ውሰዱ። በአሜሪካ ወደ 12 ሺህ በሚጠጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ይህን አስተሳሰብ በአጭር ትምህርት የሞከረውና በ2019 ይፋ የተደረገው ጥናት ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸው ላይ ለውጥ አሳይቷል፤ ለውጡ ግን ከ4 በሚሰላው አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ላይ 0.1 ያህል ነው። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ሥራ አይናቅም። ሕይወታችሁን ይለውጣል ብሎ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥላችሁ ሰው ግን ከጥናቱ በላይ እየተናገረ ነው።

አዲስ ዘዴ ሲያጓጓችሁ በራሳችሁ ላይ ፈትኑት። ክብደታቸው የሚቀራረብ ሁለት ንዑስ ርዕሶች ምረጡ፤ የትኛው በአዲሱ ዘዴ እንደሚጠና ሳንቲም ወርውራችሁ ወስኑ። ለሁለቱም እኩል ሰዓት ስጡ። በ7ኛው ቀን ጓደኛችሁ ከእያንዳንዳቸው 10 ጥያቄ አውጥቶ ይፈትናችሁ። አንድ ጊዜ የታየ ልዩነት የዕድል ሊሆን ስለሚችል በሌሎች ርዕሶች ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ጥያቄ የሚያወጣውና የሚያርመው ጓደኛ ደግሞ የትኛው ርዕስ በየትኛው ዘዴ እንደተጠና አስቀድሞ አይወቅ።