የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከሰርግ ካርድ ወደ ዲዛይን ማስተርስ

በዚህ ወር ከጎጃም ሦስት ጥያቄ ደርሶናል፣ ሦስቱም ስለ ዲዛይን ማስተርስ ስለሆኑ አንድ ላይ አወጣናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዛው።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት። ዲግሪዬ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ነው ግን ከተመረቅኩ ጀምሮ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፣ የሰርግ ካርድ፣ ባነር፣ ስቲከር፣ የሱቅ ታፔላ ምናምን፣ ኮረልና ፎቶሾፕ ላይ ነው ውዬ የማመሸው። አሁን ውጭ ሄጄ የዲዛይን ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ፖርትፎሊዮ (የሥራ ናሙና ስብስብ) ይላሉ፣ እኔ ጋ ያለው ግን ሁሉም የሰርግ ካርድ ነው፣ እሱም ደሞ ደንበኛው «ወርቃማ አርጊው፣ አበባ ጨምሪበት፣ ፎቷችንን አግዝፊው» እያለኝ የሠራሁት ስለሆነ ለሰው ለማሳየት ያሳፍረኛል። ጓደኛዬ ለሌለ ካፌ፣ ለሌለ ኩባንያ ሎጎ ሥሪና አስገቢ አለኝ። ሌላ ያለኝ ነገር ቢኖር ሰፈራችን ላለ ፋርማሲ የሠራሁት የመድኃኒት ፖስታ ነው፣ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ጠዋትና ማታ የሚለውን በስዕል አርጌ፣ መጀመሪያ ፀሐይና ጨረቃ ነበር፣ አንዲት እናት «ጨረቃ ያልወጣች ለትስ አልውጠውም ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ቀየርኩትና ዶሮና ኩራዝ አረግኩት፣ ግን በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ የሚባዛ ነገር ስለሆነ እሱ ዲዛይን አይባልም። ብርም የለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?
ካርድ ሠሪዋ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እታለም፣ «ዲዛይን አይባልም» ብለሽ በመጨረሻ ያነሳሻት ፖስታ ናት ማመልከቻሽ። የካፌውን ሎጎ ተዪው። የሌለ ካፌ ሎጎ አመልካች ሁሉ ይልካል፣ የሌለ ካፌ ደሞ ደንበኛ ስለሌለው «ይሄ አልገባኝም» የሚል ሰው የለውም፣ ስለዚህ መራጮቹ ከሱ የሚያዩት እጅሽ ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነው። ማስተርስ ላይ የሚፈልጉት ግን እንዴት እንደምትወስኚ፣ ሰው ሲያርምሽ ምን እንደምታረጊ ነው፣ ያንን ደሞ እኚያ እናት በአንድ ጥያቄ ሠርተውልሻል።

እንዴት ታቀርቢዋለሽ፦ መጀመሪያ ገጽ ላይ ፖስታው ድሮ የነበረውን አሳዪ፣ ፋርማሲስቱ በእስክሪብቶ «1x2» (አንድ ፍሬ በቀን ሁለቴ ለማለት) ብሎ የሚጭረውን፣ እሱን ካላገኘሽ ራሱን ፋርማሲስቱን አጽፊውና ፎቶ አንሺ። ቀጥሎ ፀሐይና ጨረቃው ይምጣ፣ አታሳምሪው፣ እንደነበረ። ከዛ የእናትየዋን ጥያቄ በአማርኛ በትልቁ ጻፊው፣ ከሥሩ እንግሊዝኛውን። በመሀል የሞከርሻቸውና የጣልሻቸው ስዕሎች ካሉ ወረቀቱ የተጨማደደም ቢሆን ስካን አርጊና ጨምሪ፣ ብዙ ሰው የሚደብቀው እሱን ነው እኮ። በመጨረሻ ዶሮና ኩራዙ፣ ፎቶኮፒ ሲደረግ ቀጭን መስመር ስለሚጠፋ መስመሩን ለምን እንዳወፈርሽው ጭምር፣ ጥቁርና ነጭ መሆኑ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሥራው ሁኔታ ተደርጎ ይነገር። ማቅለሚያ የለም፣ ብር የለም፣ ግን መነበብ አለበት፣ ይሄን ችግር አንቺ አልፈጠርሽውም፣ ተሰጥቶሽ ነው የፈታሽው።

አንድ ነገር ግን ይቀርሻል። ኩራዙን መልሰሽ ፈትሺው፣ ገጠሩ አሁን ብዙ ቦታ በሶላር መብራት ነው የሚያመሸው፣ ወጣቱ ኩራዙን ምን ብሎ ይረዳው ይሆን? በገበያ ቀን ፋርማሲው በር ላይ ፈቃድ ጠይቀሽ ተቀመጪና ባለሙያው ከማስረዳቱ በፊት ሰዉን «ይሄ ምን ይላል?» በይው፣ የመለሱልሽን እንዳለ ጻፊ። ፊት አታንሺ፣ የበሽተኛ ስምና የመድኃኒቱ ዓይነት አይታይ። የተሳሳቱ ሰዎች ቢኖሩ እሱንም አስገቢው፣ «ሁሉም ገባቸው» ከሚል ገጽ ይልቅ «እነዚህ አልገባቸውም፣ እንዲህ ቀየርኩት» የሚለው ይታመናል።

የሰርግ ካርዱንም አትጣዪው፣ ሁሉንም ሳይሆን አንዱን። በኔ አስተያየት ካርድ ላይ የሚታየው ጉዳይ አበባውና ወርቁ ሳይሆን ፊደሉ ነው፣ በፓወር ግዕዝ፣ በአማርኛ መጻፊያው ሶፍትዌር፣ ጽፈሽ ቦታ እንዲሞላ ወደ ጎን ስትስቢው የ«ጠ» እግሮች የሚወፍሩት፣ የ«ዐ» ሆድ የሚለጠጠው፣ እሱን አይተሽ ታውቂያለሽ መቼም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ፣ ያን ሁሉ በአንድ ዓይነት ውፍረት መሳል ቀላል ስላልሆነ ነው እንደልብ የምንመርጠው የፊደል ዓይነት የሌለን። ከአንዱ ካርድሽ ላይ የተሳበውን ፊደልና ቤተክርስቲያን ያለ የብራና ጽሑፍ ላይ ያለውን ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ጸሐፊዎቹ የቅዱሳኑን ስም በቀይ የሚጽፉት ለዓይን ማረፊያም ጭምር እየሆነ ነው፣ ከዛ አንዱን የሰርግ ካርድ ያለ አበባ፣ በፊደሉ ብቻ አርገሽ ድጋሚ ሥሪው። ይሄ ሁለተኛ ሥራሽ ነው፣ ሦስተኛና አራተኛ ከታፔላውም ከባነሩም ይወጣል። ብዛት አታሳድጂ፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ገጽ፣ ስንት ሜጋባይት እንዳለ አንብቢና ከዛ አትለፊ።

ዲግሪሽ ሌላ መሆኑ በራሱ አያስቀርሽም ግን በየትምህርት ቤቱ ይለያያል፣ የመግቢያ መስፈርቱን ገጽ አንብቢ፣ አንዳንዱ የዲዛይን ዲግሪ ካልሆነ አይቀበልም፣ አንዳንዱ ፖርትፎሊዮው ካሳመነው ይበቃዋል። አሜሪካ እነ ዬልና ሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ግራፊክ ዲዛይን ላይ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ከሌላ ሙያ ለመጣ ሰው ሦስት ዓመት የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው፣ ክፍያው ግን የሚቀመስ አይደለም።

ብሩን በተመለከተ፦ ላንቺ ሥራ በጣም የሚቀርበው ሰርቪስ ዲዛይን የሚባለው ነው፣ ማለትም አገልግሎቱ ራሱ፣ ወረፋው፣ ፎርሙ፣ ፖስታው ሰውን እንዴት እንዳገለገለ የሚያጠናው። ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ ፕሮግራም ውስጥ የላትቪያ፣ የኢስቶኒያና የፊንላንዱ ላፕላንድ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚሰጡት የሰርቪስ ዲዛይን ማስተርስ አለ፣ ኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ካሸነፍሽ የትምህርት ክፍያ የለም፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣሉ። የሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም አለ፣ ቡዳፔስት ያለው ሞሆይ ናጅ የዲዛይን ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለውም፣ ባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፣ ደሞ ነጻ ነው ተብሎ ብቻ አይኬድም፣ ለቪዛ በዝግ አካውንት (በየወሩ በልክ ብቻ በሚወጣበት) የዓመት ወጪ አሳዩ ይላሉ፣ ከሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነበር፣ ወጪውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ያለው ሰው እሱ አያስጨንቀውም። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር የሚጠይቁትን ደሞ ከመዝለልሽ በፊት ለአድሚሽን ቢሮው ኢሜይል ጽፈሽ ዌቨር ማለትም ክፍያው እንዲቀርልሽ ጠይቂ፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ልመና አይደለም፣ አንዳንዶቹ ለዚሁ ያዘጋጁት ፎርም አላቸው።

አሁን ወረቀቱ፣ ይሄ አሰልቺ ነው ግን ሰው የሚቀረው ብዙ ጊዜ በፖርትፎሊዮ ሳይሆን በዚህ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሽ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ዕዳሽን) ከፍለሽ ሳትጨርሺ ኦሪጅናል ዲግሪውና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ አይለቀቅልሽም፣ ስለዚህ ያንቺ ሥራ ዛሬ የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ ላይ ሳይሆን ገቢዎችና ሬጅስትራር በር ላይ ነው። ዲግሪሽ ላይ ያለው የስምሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍና ፓስፖርትሽ ላይ ያለው አንድ መሆኑን እዪ፣ አንዱ ላይ በአንድ ፊደል የተለየ እንደሆነ ቀድመሽ አስተካክዪው፣ ፎርም ላይ የቤተሰብ ስም ሲልሽም ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው አርጊ እንጂ በራስሽ አትቀያይሪው። እንግሊዝኛውን አንዳንዱ ቶፍል ወይ አይኤልትስ ይላል፣ አንዳንዱ «የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲሽ ይበቃዋል፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ፣ ፈተናው ርካሽ አይደለም።

ደሞ ቀኑ። ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምን ጨምሮ የብዙዎቹ አውሮፓ ፕሮግራሞች መዝጊያ ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ጃንዋሪ 15 ማለት ጥር 7 ነው፣ በገናና በጥምቀት መሀል። ሬጅስትራሩ በዓል ላይ ነው፣ አስተማሪው አገር ቤት ገብቷል፣ አንቺ ደሞ ማተሚያ ቤት ነሽ፣ ጥር የሰርግ ወር ነው፣ የዓመቱ ካርድ በሙሉ አንቺ ላይ የሚወድቀው ያኔ ነው! ስለዚህ ፖርትፎሊዮው ኅዳር ሳይወጣ ማለቅ አለበት፣ ታኅሣሥ ላይ እሠራዋለሁ ካልሽ አትሠሪውም። «23:59 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» የሚል ካየሽ በኛ ሌሊት 7:59 ነው፣ ግን እስከዛ አትቆዪ፣ መብራቱም ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ ጫኚና «ተቀብለናል» የሚለውን መልእክት ስክሪንሾት ያዢ።

የዓላማ መግለጫው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስዕል እወድ ነበር» ብለሽ አትጀምሪ፣ በጨረቃዋ ጀምሪ። ቻትጂፒቲ ሰዋስው ያርምልሽ፣ ታሪኩን ግን አይጻፍልሽ፣ እሱ የሚጽፈው የማንም የሆነ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲቪል ኢንጂነር ነው፣ ጥሩ ነጥብ አምጥቶ የተመረቀ። አሁን ተነስቶ ዲዛይን እማራለሁ አለኝ። ስዕል ነው? ልብስ ስፌት ነው? እዚሁ አገር ውስጥስ አይኖርም ወይ? ወጪው እንዳይበዛ ብዬ ነው።
አባት፣ ከእንጅባራ

መልስ፦ ጋሼ፣ ስፌትም ስዕልም አለበት ግን እሱ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ሲሄዱ ዛፍ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ መንገዶች አሉ አይደል፣ እነዚያ ዝም ብለው የወጡ አይደሉም፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመን ባለሙያዎች ባወጡት ማስተር ፕላን ነው ከተማው መልክ የያዘው። ልጅዎ መንገዱ እንዳይሰነጠቅ ማድረጉን ተምሯል፣ አሁን የሚጠይቀው መንገዱ ለማን፣ በየት በኩል፣ እግረኛው የት ይቁም የሚለውን ነው እንበል። ኢንጂነርነቱ አይጠፋም፣ እንደውም ያግዘዋል።

አገር ውስጥ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩቱ ማስተርስ ያስተምራል፣ ልጅዎ ወደ ልብስና ጨርቅ ካዘነበለ ከደጃፍዎ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፣ ወደ ጥበቡ ያደላል፣ ለሲቪል ኢንጂነር ግን ልደታ ያለው የሕንፃና የከተማ ትምህርቱ የሚቀርበው ይመስለኛል። አሁን ማስተርስ ለመግባት ጋት የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ ግድ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይመዝገብ፣ ምዝገባው በኦንላይን ነው፣ ቀኑን ትምህርት ሚኒስቴር ያሳውቃል። ምን ዲዛይን እንደሚፈልግ ግን ቁጭ አርገው ይጠይቁት ጋሼ፣ «ዲዛይን» ብቻ ካለ ገና አልወሰነም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቶቹ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ሁለት ይፈልጋሉ። አስተማሪዬን ስጠይቀው «አንተ ጻፈውና አምጣ፣ እፈርማለሁ» አለኝ። ሌላው ደሞ የሥራ አለቃዬ ነው፣ እንግሊዝኛ አይችልም። ምን ይሻላል?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስተማሪው ክፉ ሆኖ ሳይሆን የተማሪ ብዛት ነው፣ ግን አንተ ጽፈኸው ሁለቱም ደብዳቤ እንዳንተ ድርሰት ከተነበበ መራጩ ያውቀዋል፣ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ምስጋና። አንተ ደብዳቤውን አትጻፍ፣ ማስታወሻ ጻፍለት፦ የትኛውን ኮርስ ከሱ እንደወሰድክ፣ ምን ፕሮጀክት እንደሠራህ፣ አንድ ቀን ምን ብሎ እንዳረመህና ምን እንደቀየርክ፣ አንድ ገጽ፣ ከፖርትፎሊዮህ ጋር። «መምህር፣ እንዲያስታውሱኝ ብዬ ነው» ብለህ ስጠው፣ አብዛኛው ሰው ይሄ ከፊቱ ካለ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

አለቃህ በአማርኛ ይጻፍ፣ ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት፣ በሕጋዊ ተርጓሚ ቤት አስተርጉመህ ሁለቱንም አያይዝ፣ አስቀድመህ ግን ትምህርት ቤቱ ትርጉም መቀበሉን በኢሜይል አረጋግጥ። ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው የሚጫንበትን ሊንክ የሚልኩት በቀጥታ ወደሚጽፍልህ ሰው ስለሆነ አስተማሪህ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ይስጥህ፣ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥርጣሬ ያስነሳል። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ገብቶ ይቀራልና በተላከ በማግሥቱ ለአስተማሪህ ደውልለት፣ ካስፈለገም ቢሮው ድረስ ሄደህ አብራችሁ ክፈቱት።