በተክል ማሳደጊያ ድንኳን ውስጥ ቀን ሙቀት፣ ሌሊት እርጥበት ለሚያስቸግራቸው ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን ወርዱም ርዝመቱም 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር በሆነ ድንኳን ውስጥ 4 የቲማቲም ተክሎችን በ300 ዋት የኤልኢዲ መብራት ያሳድጋሉ። መብራቱ በርቶ ሳለ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ) ደግሞ 55 በመቶ ነበር፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግን እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ይወጣና ጠዋት ቅጠሉም የድንኳኑ ግድግዳም ውሃ አዝሎ ይገኛል። ይህን ለማስተካከል 250 ዋት የሚወስድ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ገዝተው ድንኳኑ ውስጥ ቢያስገቡ የቀኑ ሙቀት ከ34 ዲግሪ አለፈ፤ አበባው ይረግፍ፣ የታችኛው ቅጠልም ግራጫ ሻጋታ ያወጣ ጀመር። «ጉልበቱ ከፍ ያለ ሌላ ማሽን ልግዛ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አይግዙ። ከነገሩን ሁሉ ቁልፉ በመጨረሻ እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነው፤ አየር ማስወጫው ፋን ከመብራቱ ጋር በአንድ ታይመር ላይ ተሰክቷል፣ የቱቦው ጫፍም እዚያው ክፍል ውስጥ ይከፈታል። ስለዚህ ድንኳኑ ቀን የራሱን ሙቀት መልሶ ይስባል፣ ሌሊት ደግሞ ጭራሽ አይተነፍስም።

የሌሊቱን ችግር ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። 31 ዲግሪ የሞቀና 55 በመቶ እርጥበት ያለው አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 17.6 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል። 20 ዲግሪ የሆነ አየር ግን ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ ሊሸከም የሚችለው 17.3 ግራም ብቻ ነው። ይህም ማለት መብራቱ ጠፍቶ ሙቀቱ ወደ 20 ሲወርድ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጨመር፣ ቀን ደህና የሚመስለው ያው አየር 100 በመቶ ይሞላና ትርፉን በቅጠልና በግድግዳ ላይ ጤዛ አድርጎ ያራግፈዋል። በዚያ ላይ የረጠበው አፈር ሌሊቱን ሙሉ ይተናል፤ ቅጠሉም ቢቀንስ እንጂ እንፋሎት ማውጣቱን አያቆምም። በቀን 4 ሊትር ውሃ እንደሚያጠጡ ገልጸዋል፤ ተክል ከሚጠጣው ውሃ ከ10 እጅ 9 እጅ የሚበልጠውን በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ስለሚመልስ፣ ያ ውሃ መውጫ ካላገኘ የሚቀረው ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ማሽኑ ድንኳኑን ለምን እንዳሞቀው ግልጽ ነው። እርጥበት መምጠጫ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከዚህም ሌላ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን፣ ሲተን ከአየሩ ወስዶት የነበረውን ሙቀት ይለቃል፤ መጠኑም በአንድ ሊትር ውሃ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ቅጠሎቹ በትነት ያበረዱትን ድንኳን ማሽኑ መልሶ ያሞቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑን ከድንኳኑ ያውጡት፤ ቦታው ወደ በኋላ ይነገራል።

አሁን ወደ ፋኑ እንምጣ። መብራት የሚወስደው ዋት ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ኤልኢዲ ከድሮዎቹ መብራቶች የሚሻለው በተመሳሳይ ዋት የበለጠ ብርሃን ስለሚሰጥ እንጂ 300 ዋቱ ከ300 ዋት ያነሰ ስለሚያሞቅ አይደለም። የሚያስፈልግዎትን ፋን ለማወቅ ዋቱን በ3 አባዝተው፣ ከሚገባው አየር በላይ ሊታገሡት በሚችሉት የዲግሪ ልዩነት ያካፍሉት፤ ውጤቱ በሰዓት መውጣት ያለበት አየር በሜትር ኩብ ነው። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ይሁን ካሉ 300 በ3 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 225 ይሆናል። ነገር ግን በፋኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለ ቱቦና ያለ ማጣሪያ የተለካ ስለሆነ፣ ከስሌቱ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን ፋን ገዝቶ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ማሠራት ይመረጣል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ጫፉም በመስኮት ወይም በሌላ ቀዳዳ ከክፍሉ ውጭ ይከፈት። ይህ ካልተደረገ የቀረው ምክር ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ፋኑ ከላይ ሲስብ አየር ከታች መግባት አለበት። በትክክል ሲሠራ የድንኳኑ ጨርቅ በመጠኑ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ተጣብቆ ምሰሶዎቹን ካጎበጠ ግን መግቢያው ጠቧልና የታችኛውን መስኮት ይክፈቱ። ጨርቁ ወደ ውጭ ከተነፋ ከሚወጣው ይልቅ የሚገባው አየር በዝቷል።

ፋኑን ከመብራቱ ታይመር ነጥለው 24 ሰዓት እንዲሠራ ያድርጉት። መብራቱ ከመጥፋቱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠፋ በኋላ እስከ 1 ሰዓት ድረስ በከፍተኛ ፍጥነት ይሥራ፤ ምክንያቱም ጤዛ እንዳይፈጠር የሚደረገው እንፋሎቱን አየሩ ገና ሞቃት ሳለ በማስወጣት ነው። ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነት ይበቃዋል። ውሃ የሚያጠጡት መብራቱ በበራ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይሁን እንጂ ማታ አይሁን። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ዲግሪ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ለቲማቲም ቀን ከ24 እስከ 27፣ ሌሊት ከ18 እስከ 20 ተስማሚ ነው። ሌሊት ክፍሉ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ያለው አነስተኛ ማሞቂያ ከማሽኑ የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ 20 ዲግሪ ላይ 92 በመቶ የነበረ አየር ወደ 23 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። ይህም የሚጠቅመው ፋኑ እየሠራ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር። በመብራቱ ሥር ፊት ለፊት የተሰቀለ መለኪያ የሚነግርዎት የራሱን የጋለ ሽፋን ሙቀት ነው። በተክሉ አናት ከፍታ፣ ጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይስቀሉት። ትክክለኛነቱን ለመፈተሽ ጥቂት የገበታ ጨው በጠብታ ውሃ ሊጥ እስኪመስል አርጥበው፣ በትንሽ ክዳን ላይ አድርገው ከመለኪያው ጋር በታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት 75 በመቶ አካባቢ ማሳየት አለበት። 68 ካለ 7 እየጨመሩ ማንበብ ነው።

የአበባው መርገፍ ከሙቀቱ የመጣ ነው። ቲማቲም ከ32 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ እርጥበቱ ሲበዛ ደግሞ ብናኙ እርስ በርሱ ተጣብቆ አይረግፍም። ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ እኩለ ቀን አካባቢ የአበባውን ዘለላ በጣት መታ መታ ማድረግ ፍሬ እንዲይዝ ይረዳል፤ ድንኳን ውስጥ ይህን የሚያደርግ ንብ የለምና።

ግራጫ ሻጋታ የያዛቸውን ቅጠሎች ፋኖቹን ሁሉ አጥፍተው ይቁረጡ፤ ቅጠሉን ከመነቅነቅዎ በፊት ከረጢት ያልብሱት፤ አለዚያ የሻጋታው ዱቄት ድንኳኑን ያዳርሳል። ከዝቅተኛው የፍሬ ዘለላ በታች ያሉትን ቅጠሎችም ያንሱ። ውስጥ ለውስጥ አየር የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፋን ከሌለዎት ይጨምሩ፤ ቅጠሉ በዝግታ ይወዛወዝ እንጂ አይገረፍ።

የገዙት ማሽን አይባክንም። የክፍሉ አየር ራሱ ከ70 በመቶ በላይ እርጥበት ካለው፣ አየር መግቢያው የሚስበው አየር ደረቅ እንዲሆን ማሽኑን ከድንኳኑ ውጭ ክፍሉ ውስጥ ያቁሙት፤ የሚያስወጣው ትኩስ አየር ግን ወደ መግቢያው አይዙር። በካርቶኑ ላይ «በቀን ይህን ያህል ሊትር» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት የተለካ ስለሆነ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ከግማሽ በታች ቢሰበስብ ተበላሽቷል ብለው ለጥገና አይውሰዱት።