የክሜር አዲስ ዓመት ለምን ከጨረቃዋ ጋር አይዞርም?

ጥያቄሽ ጥሩ ነው እህቴ። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ለሥራ ልትሄጂ ነው። ካምቦዲያዎች (ክሜሮች) በዓል የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው ተብለሻል። አዲስ ዓመታቸው ግን በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ መዋሉ ግራ አጋብቶሻል። እኔ እዚያ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ዕቅድ ላይ ስለሠራሁ ይሄን አቆጣጠር ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ነው የተማርኩት። ሠራተኛው መቼ አገሩ እንደሚገባ ካላወቅሽ ዕቅድ የሚባል ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቆጠራ ጎን ለጎን ይሄዳል። አዲስ ዓመቱ የፀሐይ ነው። በጥንቱ የሕንድ ስሌት ፀሐይ ሐመል ወደሚባለው የከዋክብት ክፍል ስትገባ ዓመቱ ይለወጣል። ይሄ በፈረንጆቹ አፕሪል 13 ወይም 14 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 5 ወይም 6። ታይላንድ፣ ላኦስና ምያንማርም በዚያው ሰሞን ነው የሚያከብሩት። ትልልቆቹ የቡድሃ በዓላት ግን በጨረቃ ይወጣሉ።

የጨረቃ ወራቱ 29 እና 30 ቀን እየተፈራረቁ 354 ቀን ይሞላሉ። ከፀሐይዋ ዓመት 11 ቀን ገደማ ይጎድላል። ዝም ቢባል የጨረቃው በዓል እንደ ረመዳን ወቅት እየቀያየረ ይዞር ነበር። እነሱ ግን በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ወር ይጨምራሉ። የሚደገመው አሳት የሚባለው ወር ነው፤ የዝናቡ ወቅት ላይ ነው የሚውለው። መነኮሳቱ ለሦስት ወር በገዳማቸው የሚከትቱት ከዚያ ወር ሙሉ ጨረቃ ማግስት ጀምሮ ነው። ወሩ ከተደገመ ከሁለተኛው አሳት ይጀምራሉ። (ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው 19 ሲባል ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የእኛም ንዑስ ቀመር 19 ነው።)

በተግባር ምን ይመስላል? የሙታን መታሰቢያ በዓላቸውን ፕቹም ቤንን ውሰጂ። ዋናው ቀን በ2022 ሴፕቴምበር 25 ነበር። በ2023 ኦክቶበር 14 ሆነ፤ ያ ዓመት ወር የተጨመረበት ነው። በ2024 ወደ ኦክቶበር 2፣ በ2025 ወደ ሴፕቴምበር 22 ተመለሰ። ስለዚህ «አምና በዚህ ቀን ነበር» ብለሽ ዕቅድ እንዳታወጪ።

ቀን ሲነግሩሽ ወሩን ለሁለት ከፍለው ነው። ጨረቃዋ የምትሞላበት ግማሽ ካእት ይባላል፤ የምትጎድልበት ሮች። በየግማሹ ስምንተኛው ቀን፣ ሙሉ ጨረቃና የወሩ መጨረሻ ቅዱስ ቀኖች ናቸው። የግድግዳ ካላንደር ላይ እነዚህ ቀኖች ጋ የቡድሃ ምስል ታያለሽ። በዋዜማው መነኮሳቱ ራሳቸውን ይላጫሉ። በዕለቱ ብዙ ቤት ሙዝ፣ አበባና ዕጣን ይቀርባል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ጨረቃዋ የበዓሉን ስሜት ጭምር መወሰኗ ነው። ፕቹም ቤን የሙታን በዓል ነው። ፎትሮቦት በሚባለው ወር፣ ጨረቃዋ እየጎደለች በምትሄድበት ግማሽ ለ15 ቀን ይቆያል። የሲኦል በር ተከፍቶ የተራቡ ነፍሳት ዘመድ ፍለጋ ይወጣሉ ይላሉ። እስከ ሰባት ትውልድ ያሉ አያቶች ይታሰባሉ። ኃጢአት የከበደባቸው ብርሃን አይችሉም። ስለዚህ ሰው ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ገዳም ይሄዳል፤ ቤተ መቅደሱን እየዞረ የሩዝ ድቡልቡል በጨለማው ይወረውራል። አያቶቹ በየትኛው ገዳም እንደሚጠብቁት ስለማያውቅ ሰባት ገዳም የሚያዳርስም አለ። ከ1975 እስከ 1979 (በፈረንጆቹ) አገሪቱን በገዛው በጨካኙ የክሜር ሩዥ ዘመን ቤተሰቡን ላጣና መቃብሩን እንኳ ለማያውቅ ሰው ይሄ በዓል ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በእነዚያ ቀናት ትርፍ ሰዓት ግቡልኝ ብለሽ ሠራተኛ አትለምኚ። አይሆንም፤ መሆንም የለበትም።

የውኃ በዓሉ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ካደክ በሚባለው ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ይውላል። በክረምቱ የሜኮንግ ወንዝ ሙላት ቶንሌ ሳፕ ወንዝን ወደ ኋላ፣ ወደ ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ይገፋዋል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ወንዙ ተመልሶ ቁልቁል ይፈሳል። ያኔ በፕኖም ፔን ቤተ መንግሥት ፊት የጀልባ ውድድር ነው። ማታ ጨረቃዋን እጅ ይነሳሉ፤ የተወቀጠ አዲስ ሩዝ ከሙዝ ጋር ይበላሉ። ሂጂና እዪው፤ ግን ከድልድዮቹ ግፊያ ራቂ። በ2010 በበዓሉ መጨረሻ ማታ ድልድይ ላይ ከ340 በላይ ሰው ሞቷል።

የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ሌላ ጣጣ ነው። እያንዳንዱ ዓመት እንደ ቻይናው ከ12 እንስሳት በአንዱ ይጠራል፤ የዓመቱ እንስሳ የሚለወጠው በአዲስ ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከ1 እስከ 10 እየዞረ የሚሄድ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ በሦስተኛው ቀን ይለወጣል። የቡድሃ ዘመን ቁጥር ደግሞ እስከ ፒሳክ ወር ሙሉ ጨረቃ ማግስት ይጠብቃል። በፈረንጆቹ ሜይ 2025 ላይ 2569 የገባው በዚህ ነው። ከ7 እና 8 ዓመት ልዩነት ጋር ላደግን ሰዎች ብዙም አያስደነግጥም።

ለሥራሽ የሚጠቅምሽ መንግሥት አስቀድሞ የሚያወጣው የቀጣዩ ዓመት የሥራ መዝጊያ ቀናት ዝርዝር ነው። እሱን ያዢና ከፕቹም ቤንና ከአዲስ ዓመቱ በፊትም በኋላም ጥቂት ቀን ጨምረሽ አቅጂ። የአውቶቡስ ትኬት ቶሎ ያልቃል፤ ከተማዋም ጭር ትላለች። የተወለድሽበትን እንስሳም አጣሪ፤ ዕድሜ ሲጠይቁሽ እሱንም ይጠይቁሻል። በኢንተርኔት የምታገኚው የቻይናው ስለሚሆን ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል አጋማሽ ከተወለድሽ ሊለያይ ይችላል። ማርች 2000 የተወለደ ሰው ለቻይኖቹ ዘንዶ ነው፤ ለክሜሮቹ ገና ጥንቸል።