የሌሊት ፈረቃ ሲመጣ ሥራዬ ይቋረጣል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ፈረቃችን በየሳምንቱ ይዞራል፤ አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 12 እስከ 8 ሰዓት፣ ቀጣዩን ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12።

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ፣ ቪዲዮ እያየሁ ፕሮግራሚንግ ተማርኩ። እናቴ የሰፈራችን የሴቶች ዕቁብ ዳኛ ናት። 42 ዕቁብተኞች አሉ፤ በየእሑዱ ይጣላል። ማን ጣለች፣ ማን ቀረባት፣ ለማን ወጣ የሚለውን ሁሉ የምትይዘው በደብተር ነው። እሷን የሚያግዝ የስልክ መተግበሪያ ልሥራ ብዬ ከጀመርኩ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ላይ ብቻ ሦስት ወር ፈጀሁ፤ ጳጉሜ አንዴ 5 አንዴ 6 እየሆነች አስቸገረችኝ። በ‹ሐ› የተጻፈ ስም በ‹ሀ› ስፈልገው አይገኝም፤ እሱንም ጀምሬ ተውኩት።

የጠዋት ፈረቃ ስሆን ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ያህል እሠራለሁ። የሌሊቱ ሲመጣ ይቋረጣል። ስመለስ የራሴን ኮድ ራሴ አላውቀውም። እንደ አዲስ ሳነበው ሳምንቱ ያልቅና ላፕቶፑን እዘጋዋለሁ። ከዚህ በፊት የጀመርኳቸው ሁለት ሥራዎችም እንዲሁ ቀሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሳሁ ልሞክር ብዬ ስድስት ቀን ቆየሁ። ሰነፍ ነኝ መሰለኝ። ሰነፍ ሰው ሞራልና ዲሲፕሊን ከየት ያመጣል?
ባለ ፈረቃው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ራስህን ሁለት ጊዜ ሰነፍ ብለሃል፤ ደብዳቤህ ውስጥ ያለው ሰው ግን ስምንት ሰዓት ማሽን ሲጠግን ውሎ ማታ ለእናቱ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ነው።

በሙያህ ልጠይቅህ። አንድ ብሬከር፣ ያ መስመር ላይ ችግር ሲኖር መብራቱን የሚቆርጠው፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ሞተር ሲነሳ የሚወርድ ከሆነ፣ እየሄድክ መልሰህ ታነሳዋለህ እንጂ ምክንያቱን አትፈልግም? ያንተ ሥራ የሚቆመው ሁልጊዜ የሌሊት ፈረቃ ሳምንት ላይ ነው። ራስህ ጽፈኸዋል። አንተ ግን ብሬከሩን ማንሳት እንጂ መስመሩን ማየት አልጀመርክም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳቱም ያው ነው፤ እንቅልፍህ በየሦስት ሳምንቱ ለሚገለባበጥ ሰው ይህን ምክር የሰጠህ ሰው ፈረቃ ገብቶ አያውቅም። ተወው።

በፋብሪካችሁ አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ለሚገባው ምን እንደሚያደርግ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። የርክክብ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ የትኛው ማሽን ቆሟል፣ ምን ተፈታ፣ ምን ቀረ፣ ምን ዕቃ እየተጠበቀ ነው። የሌሊቱ ሠራተኛ ያንን ሳያነብ የማሽን መቆጣጠሪያ ካቢኔ አይከፍትም። የራስህ ሥራ ላይ ግን ርክክብ የለም። የጠዋት ፈረቃው አንተ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚመጣው አንተ ምንም ሳትነግረው ትወጣለህ፣ እሱም ሲመጣ ማሽኑ ተበታትኖ ያገኘዋል። እንግዳ ሰው ነው እኮ! የረሳውም ስለሰነፈ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዛ፤ ወረቀት ይሁን፣ ላፕቶፑ ሳይከፈት እንዲነበብ። ሥራ በምታቆምበት ምሽት የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለሱ ስጣት። ምን እንደሠራህ ሳይሆን ቀጥሎ የሚሠራውን አንድ ነገር ጻፍ፣ ያውም ትንሽ አድርገህ። ‹‹ያልጣሉትን በቀይ አሳይ›› ዓይነት። ከተቻለ ደግሞ ሥራውን ጨርሰህ አትነሳ፤ ቀጣዩ ምን እንደሆነ እያወቅከው፣ እጅህ እየፈለገው ተነሳ። የሌሊት ፈረቃ ሳምንት ላይ አዲስ ኮድ አትጻፍ። ተኛ። ያቺን ደብተር ብቻ አንድ ቀን ገልጠህ አንብባትና መልሰህ ዝጋት።

ይህን የምነግርህ ከራሴ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ካርድ ስፈልግ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈራችንን ሴቶች የቡና ምርቃት እጽፋለሁ። ‹‹ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃሽ›› የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ የምፈልገው ከዚያ አልፎ እያንዳንዷ እናት የራሷን የምትጨምርበትን ቦታ ነው። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሰዓት ብዬ ተነሳሁ። አንድ ወር ሳይሞላ ቆመ። ሁለት ዓመት ደብተሩን አልነካሁትም።

ያስነሳኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ዓይኗ ስለደከመ ማንበብ አትችልም። ዓርብ ቡና ስጠጣ ‹‹ያ የምትጽፊው ነገር የት ደረሰ? እስቲ አንብቢልኝ›› አለችኝ። የነበረኝን አነበብኩላት። በሚቀጥለው ዓርብ ደግማ ጠየቀች፤ አዲስ አልነበረኝምና አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ምርቃት ይበቃኛል ብዬ ቆረጥኩ፤ ለሷ የሚነበብ ሦስት። ዝናብ ቢሆን፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሰፈሩን ቢሸፍነው፣ ድካም ቢጫነኝ፣ ዓርብ ሲመጣ ሦስቱ አሉ።

ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ስንወጣ ከሰባቱ ደብተሮች ሁለቱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ስመለስ ቤት ከቀሩት አምስት ሦስቱን አገኘሁ። የጠፉትን ሁለቱን ደግሞ ማን መለሰልኝ መሰለህ? ያቺ ጎረቤቴ። በየዓርቡ የሰማችውን አንዱን ከአንዱ እያያዘች ነገረችኝ፤ ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል። አንተም የኮዱን ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ብቻ አታስቀምጠው፤ ፍላሽ ላይ አድርገህ እህትህ ወይም ጓደኛህ ቤት አኑረው።

አሁን ወደ ዕቁቡ ልምጣ፤ ደብዳቤህን ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። 42ቱ ሴቶች በየእሑዱ የሚጥሉት ሞራል ስላላቸው ይመስልሃል? ገንዘቡ ስለተረፋቸውስ? የሚጥሉት የምትጠብቅ ስላለች ነው። ዳኛ አለች፣ ዋስ አለ፣ ‹‹ለኔ ዛሬ ይወጣልኛል›› ብላ የመጣች አለች። ለብቻዋ ቤቷ ያን ያህል ላስቀምጥ ብትል ከሦስት ሳምንት አትዘልም ነበር። አንተ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ የዕቁብ መተግበሪያ ስትሠራ፣ ሥራህን ግን ያለ ዕቁብተኛ፣ ያለ ዳኛ ነው የያዝከው። እናትህ እስካሁን አንድም ገጽ አላዩም ብዬ እገምታለሁ። ልክ ነኝ?

ስለዚህ ዳኛህ እሳቸው ይሁኑ። እሑድ ዕቁቡ ከተጣለ በኋላ ሩብ ሰዓት ለምናቸው፤ ያለውን አሳያቸው፣ ቢጎድልም፣ ቢያሳፍርም። ሌሊት የገባህበት ሳምንት ከሆነ ‹‹በዚህ ሳምንት አልነካሁትም›› በላቸው፤ ይህም ራሱ መጣል ነው።

ለማሳየት ደግሞ ሥራው መቀነስ አለበት። ፕሮግራም የሚጽፍ የእህቴን ልጅ አማከርኩት፤ ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ 6 እንደምትሆን፣ በ2015 እንደነበረችና በ2019ም እንደምትሆን አስረዳኝ፤ ሒሳቡ ከባድ እንዳልሆነ ግን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ አልኩት፦ የሳምንት ዕቁብ ጳጉሜን ምን አደረጋት? ዕቁብ የሚቆጠረው በዕጣ ነው። አንደኛ ዕጣ፣ ሁለተኛ ዕጣ፣ እስከ 42ኛው። ቀኑን እናትህ እንደ ደብተራቸው በእጃቸው ይጻፉት፤ ስልኩ ማስላት የለበትም። ሦስት ወር የፈጀብህ ነገር ለመጀመሪያው ዙር አያስፈልግም። የ‹ሀ› እና የ‹ሐ›ም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ለ42 ሰው መፈለጊያ ለምን? ለእያንዳንዷ ቁጥር ስጣት፣ በቁጥር ተራ ደርድራቸው፤ አንድ ጊዜ በጣት ወደ ላይ ሲገፉ ሁሉም ይታያሉ።

ይህ ሲባል የለፋህበት ወደቀ ማለት አይደለም። ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። የወር ዕቁብ ወይም ዕድር የሚይዝ ሰው አንድ ቀን ሲጠይቅህ ታወጣዋለህ። የመጀመሪያው ግን ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፤ ስም፣ በዚህ ሳምንት ጥላለች አልጣለችም፣ ዕጣው ለማን ወጣ። የሐረጎን ዳገት ጭኖ የሚወጣ መኪና በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው፤ አንተም ሦስቱን ይዘህ ውጣ።

ያለፉት ሁለት ሥራዎችህን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለማን እንደሆኑ አልጻፍክልኝም፤ ምናልባት የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አደራ። መተግበሪያው ሲያልቅ እናትህ ደብተራቸውን አይተዉት። የሰው ገንዘብ ነው። አንድ ሙሉ ዙር፣ 42ቱም ሳምንት፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ፤ በየእሑዱም ድምሩን ከደብተሩ ጋር አስተያዩት። ልዩነት የተገኘበትን ሳምንት በዚያችው የርክክብ ደብተርህ ላይ ጻፈው።